ከበቅሎ ጋጣ እስከ ጋራዥ፦ በተረከበው እጅ ለተበላሸ መኪና ተጠያቂው ማን ነው?

ናጋድ ጣቢያ ላይ ከባቡር የወረደ ሰው የቦታውን ስም ሲሰማ «ነጋዴ» የተባለ ሊመስለው ይችላል። የስሙን ምንጭ ለሊቃውንት እንተወው። ለእኛ ግን ቦታው በእርግጥ የነጋዴ ቦታ ነው፤ ከድሬዳዋ የመጣው ዘመድ የሚወርደው፣ ዕቃውን ጨርሶ ወደ አገሩ የሚመለሰውም የሚሳፈረው እዚያ ነው። ባለፈው ዓመት ከእኛው መካከል የአንድ ቤተሰብ ሾፌር በዚሁ ጣቢያ በኩል መኪናውን ጅቡቲ ጥሎ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ተመልሷል። የዛሬው ጽሑፋችን መነሻ የእሱ ነገር ነው።

መኪናው የጭነት መኪና ነው። የሦስት ወንድማማቾችና የእናታቸው መተዳደሪያ ነው። እዚሁ ከተማ ውስጥ ወደ አንድ የመኪና አስመጪ የሰርቪስ ክፍል ዘይት ለመቀየር ጠዋት ገብቶ ከሰዓት ወጣ። በማግሥቱ ጭኖ ጉዞ ሲጀምር ከከተማው ብዙም ሳይርቅ የዘይት መብራቱ በራ፤ ሾፌሩ ዳር ይዞ እስኪያቆም ድረስ ሞተሩ ተቆልፏል። ሥሩን ሲያዩ የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን የለም። ድርጅቱ መጀመሪያ «መንገድ ላይ ድንጋይ መትቶት ነው» አለ። ቀጥሎ ደግሞ «ቡሎኑን ያላጠበቀው ረዳቱ ነው፣ ከእሱ ጋር ተነጋገሩ» አለ። ረዳቱ ከድሬዳዋ የመጣ የሃያ ዓመት ልጅ ነው። የእኛው ልጅ ነው፤ የወር ደመወዙ ለሞተሩ ማሸጊያ እንኳ አይበቃም።

ሽማግሌዎቻችን ተሰብስበው ሲነጋገሩ ሁለት ጥያቄ ተነሣ። የሚከፍለው ልጁ ነው ወይስ መኪናውን የተረከበው ድርጅት? ድርጅቱ ከሆነስ እንዴት ይረጋገጣል? ለጥያቄዎቹ መልስ ስንፈልግ ነገሩ ከመኪናም፣ ከባቡርም በፊት የተጀመረ ሆኖ አገኘነው።

የተረከበ ይመልስ

በጥንቷ ሮም ሦስት ዓይነት ሰዎች ልዩ ግዴታ ነበረባቸው፦ መርከበኞች፣ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶችና የጋጣ ጠባቂዎች። መንገደኛው ዕቃውንም ከብቱንም ለማያውቀው ሰው አስረክቦ ከማደር በቀር ምርጫ የለውም። ሌሊት በጋጣው ውስጥ ማን ምን እንዳደረገም ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ሕጉ «ተረክበህ ከሆነ በደኅና መልስ» አለ፤ ካልመለሰ የጋጣው ባለቤት እንጂ የትኛው አገልጋይ እንዳጠፋ ባለ ከብቱ እንዲያጣራ አልተጠየቀም። የዛሬው ጋራዥ የዚያ ጋጣ የልጅ ልጅ ነው። መኪናችንን ካስረከብን በኋላ በሩ ይዘጋል፤ ማን ቁልፍ እንደያዘ፣ ማን እንደነዳው አናይም።

በእኛም አገር አደራ ትልቅ ቃል ነው። በአረብኛ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብጽ ተጠናቅሮ ኋላ ወደ ግዕዝ የተተረጎመው ፍትሐ ነገሥት ከሮማና ከቢዛንታይን ሕግ ብዙ ወስዷል፤ ከሚዳኛቸው ጉዳዮችም አንዱ አደራ ነው። የሲራራ ነጋዴዎች ዘመን ደግሞ ነጋድራስ የሚባል ሹም ነበረው። ነጋድራሱ የነጋዴዎች አለቃ ነው፤ ቀረጥ ይሰበስባል፣ በነጋዴዎች መካከል የሚነሣውንም ክርክር ያያል። ከነጋድራሶቹ ሁሉ ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣው ገብረሕይወት ባይከዳኝ ነው። በአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ላይ ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠርቷል፣ በኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኗል፤ እ.ኤ.አ. በ1919 አረፈ።

መካኒኩ ከባለቤቱ ሲለይ

መኪና ወደ አገራችን የገባው በእኛው በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 መጨረሻ ቢድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዐፄ ምኒልክ የሚሰጥ ዎልስሊ መኪና ይዞ በጅቡቲ በኩል ወደ አዲስ አበባ ወጣ። የጉዞው ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1913 በክሊፎርድ ሃሌ መጽሐፍ ሆኖ ታትሟል። ቤንትሌይ መካኒኩን አብሮ ይዞ ነበር የመጣው። በዚያ ጊዜ መኪና ያለው ሰው መካኒክም ነበረው። ቡሎን ቢላላ ባለቤቱ ከጎኑ ቆሞ ያያል፤ የሚጣራ ነገር አልነበረም።

ሥራው በድርጅት ደረጃ የተጀመረው በባቡሩ ነው። ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የኩባንያው ትልቁ መጠገኛ ድሬዳዋ ተቋቋመ፤ ከተማዋም በዙሪያው አደገች። የፈረንሳይ፣ የግሪክ፣ የአርመንና የጣሊያን ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር እዚያ ሠርተዋል። ብዙ የድሬ ልጅ ሙያ የተማረው ከዚያ ነው። እዚያ ባለቤትና ሠራተኛ አይተዋወቁም፤ መካከላቸው ወረቀት አለ። ጭነት የላከ ነጋዴ ደረሰኝ ይይዛል፣ ቢጎድልበት ኩባንያውን ይጠይቃል። የትኛው ሠራተኛ ከረጢቱን እንደቀደደ መፈለግ የእሱ ሥራ አይደለም።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ከ1936 እስከ 1941 (እ.ኤ.አ.) በቆየው ወረራ መንገዱም የጭነት መኪናውም ጋራዡም በዛ። ወራሪው ሄደ፣ ቋንቋው ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ። ካቻቢቴ፣ ካንዴላ፣ ባልስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ቡሎን፣ ጎማ ሁሉም የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ጋራዥና ሾፌር ደግሞ፣ እንደ ለገሃር ሁሉ፣ ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው።

ይህን የቃላት ታሪክ ያነሣነው ለጨዋታ አይደለም። ጅቡቲ ውስጥ ጋራዥ ገብቶ «ፍሪሲዮን» ያለ ሾፌር መካኒኩ «አምብራያዥ» ሲለው ሁለቱ ስለ አንድ ነገር እያወሩ ላይግባቡ ይችላሉ። ዘይት መቀየር እዚህ «ቪዳንጅ» ነው። የሥራ ትእዛዙ የሚጻፈው በፈረንሳይኛ ነው፣ ሾፌሩም ሳያነብ ይፈርማል። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ የአገሪቱ ጭነት በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ጅቡቲ ዞረ። በአማርኛና በጣሊያንኛ ሙያ ያደገው ሾፌር ሁሉ በአንድ ጊዜ የፈረንሳይኛ ወረቀት አገር ገባ። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ናጋድ ላይ የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም የጭነት መኪናውን ከመንገድ አላወጣውም።

ሁለት ሕግ፣ አንድ ሐሳብ

ድንበሩን ስንሻገር ሕጉ ይለወጣል፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ እ.ኤ.አ. በ1804 ሲወጣ በቁጥር 1384 አሠሪ ሠራተኛው በተሰጠው ሥራ ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ብሎ ደነገገ። ፈረንሳዮች ይህን ሕግ ወደ ጅቡቲ ይዘውት መጡ፤ ከ1977 ነጻነት በኋላም የጅቡቲ የሕግ ባህል መሠረቱ እሱው ነው።

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱ ሕጎች ዘመዳሞች ናቸው። ቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይካስ ይላል። ቁጥር 2130 ሠራተኛው በሥራው ላይ ላደረሰው ጉዳት አሠሪው ኃላፊ ነው ይላል። ከቁጥር 2779 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ስለ አደራ ናቸው። ግድግዳ ላይ «ድርጅቱ ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂ አይደለም» ብሎ የለጠፈ ጋራዥም ቢሆን አያመልጥም፤ በቁጥር 1887 መሠረት ተዋዋዮች ኃላፊነታቸውን መወሰን ቢችሉም ጥፋት ከሠሩ መጠየቃቸው አይቀርም።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ግልጽ ነው። ከሮም ጋጣ እስከ ዛሬው ሰርቪስ ድረስ ሕጉ የሚይዘው የተረከበውን ነው። «ረዳቱን ጠይቁ» የሚል ድርጅት የራሱን ዕዳ በደሀ ልጅ ላይ እየጫነ ነው። ልጁ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ግን የቀጠረው፣ ሥራውን ሳያይ መኪናውን ያስወጣው፣ ገንዘቡንም የተቀበለው አሠሪው ነው። ሽማግሌዎቻችን «ከልጁ አምስት ሳንቲም አንቀበልም» ያሉት ስለዚህ ነው። ልጁን ይዞ ማስጨነቅ ቢቀልም የሚያስገኘው ነገር የለም፤ ድርጅቱን ግን ነጻ ያወጣዋል።

ማስረጃው የት ቀረ?

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። ሕጉ የተረከበውን ይጠይቃል፤ መረከቡንና በምን ሁኔታ እንደተረከበ ማሳየት ግን የእኛ ፋንታ ነው። ሲራራው ዘመን ምስክር ነበረ፣ በባቡሩ ዘመን ደረሰኝ መጣ። ዛሬ ደግሞ ሁሉም ሰው ኪሱ ውስጥ ካሜራ ይዞ ሳለ መኪናውን በቃል ብቻ ያስረክባል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው አባባል እንደ ጋራዥ የሚሠራበት ቦታ የለም።

የወንድማማቾቹን ነገር ያዳነው አንድ ነገር፣ ያበላሸውም አንድ ነገር ነው። ያዳነው ሾፌሩ መኪናውን ካቆመበት ሳያንቀሳቅስ ሌላ ገለልተኛ መካኒክ አስጠርቶ ማሳየቱ ነው። የቡሎኑ መግቢያ ጥርስ አልተበላም፣ የዘይት መያዣውም ላይ የድንጋይ ምት የለም። ቡሎኑ ተመትቶ የተነቀለ ሳይሆን ሳይጠብቅ ተፈትቶ የወደቀ መሆኑ በፎቶግራፍና በጽሑፍ ተያዘ። ያበላሸው ደግሞ ሾፌሩ ሲወጣ የፈረመው ወረቀት ነው። «መኪናውን በደኅና ሁኔታ ተረክቤያለሁ» ይላል፣ በፈረንሳይኛ። ምን እንደፈረመ ያወቀው በኋላ ስናነብለት ነው።

በመጨረሻ ድርጅቱ የሞተሩን ዕቃና የእጅ ዋጋ ሸፈነ። መኪናው በቆመባቸው ሳምንታት የቀረውን ገቢና የጭነቱን መዘግየት ግን አልከፈለም፤ ቤተሰቡም መሟገቻ አቅም ስላልነበረው በዚያው ተስማማ። እናትየዋ «መኪናው ተመለሰልን፣ ሦስት ወራችን ግን አልተመለሰም» አሉ። ልክ ናቸው።

ከዚህ የተማርነውን ለእናንተም እንተው። መኪና ስታስገቡ ኪሎ ሜትሩን፣ ነዳጁን፣ የነበረውን ጭረት ሁሉ በሥራ ትእዛዙ ላይ አስጽፉ፤ በአራቱም ጎን ፎቶ አንሡ። ስትወጡ ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀቱን የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ፤ ካልተገኘ በአማርኛም ቢሆን «ውስጡን አላየሁም» ብላችሁ ከፊርማችሁ በላይ ጻፉ። ከበሩ ሳትርቁ ሥሩን እዩ፣ ዘይቱን ለኩ። ጉዳት ካገኛችሁ መኪናውን ሌላ ሰው ሳይነካው ገለልተኛ ባለሙያ ይየው።

ዋናው ነገር ደግሞ ድንበር ከመሻገራችሁ በፊት አድርጉት። ጅቡቲ ውስጥ ሁዊሲዬ የሚባል የፍርድ ሹም አለ፤ ያየውን እንዳየው መዝግቦ ይሰጣል፤ ሰነዱም በፍርድ ቤት ክብደት አለው። ጋላፊን ወይም ደወሌን ከተሻገራችሁ በኋላ ግን «ኢትዮጵያ መንገድ ላይ ነው የተበላሸው» ለሚላችሁ መልስ አይኖራችሁም። ኢትዮጵያ ውስጥ ያሠራችሁ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጡ፤ ውሉ አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው ይህን እንዲያደርግ ቁጥር 1772 ይጠይቃል። ጊዜውንም አትርሱ። ከውል ውጭ በሚመጣ ኃላፊነት የሚቀርብ ክስ በቁጥር 2143 መሠረት በሁለት ዓመት ይታገዳል፤ በውል የሚቀርበው ግን በመደበኛው በቁጥር 1845 እስከ አሥር ዓመት ጊዜ አለው። በየትኛው እንደምትከሱ ጠበቃ ጠይቁ።

ሾፌሩ ሞተሩ ተጠግኖ ሲጠሩት በባቡር ተመልሶ መጣ፤ ናጋድ ሄደን ተቀበልነው። ወደ ድርጅቱ ግቢ ስንገባ ረዳቱ ልጅ ከሩቅ አይቶን ሊሸሸግ ነበር። ሾፌሩ ጠራውና ከመኪናው ሥር አብረው ገቡ፤ ቡሎኑን በእጁ እየነካ መጥበቁን አሳየው። ከዚያ ወጥተው ወረቀቱን ለሦስታችን ጮክ ብሎ አነበበልን፤ ልጁ ፈረንሳይኛ ያውቃል። ሾፌሩ የፈረመው ንባቡን ከጨረሰ በኋላ ነው።