ያዋጣል ወይ?

ባለፈው ሰሞን ከእራት በኋላ በማደሪያ ክፍላችን የተነሣው ክርክር መብራት እስኪጠፋ ድረስ አላባራም ነበር። ነገሩን የቆሰቆሰው ከፍልስፍና ትምህርት ይዘነው የመጣነው አንድ የቆየ ጥያቄ ነው። የአቴና ሰዎች የጀግናቸውን የቴሴዎስን መርከብ ለመታሰቢያ ሲያቆዩ፥ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስ ይተኩ ነበር ይላል ፕሉታርክ። ታዲያ ሳንቃው ሁሉ ተለውጦ ሲያልቅ መርከቡ ያው የቴሴዎስ መርከብ ነው ወይስ ሌላ? ግማሾቻችን «ያው ነው» ስንል፥ ግማሾቻችን «ኧረ ወዲያ! አንዲት የድሮ እንጨት ሳትቀር ምኑ ነው ያው የሚሆነው?» አልን። በመጨረሻ ከመካከላችን ዝም ብሎ ያዳምጥ የነበረው ልጅ፥ «እናንተ በሐሳብ መርከብ ትጨቃጨቃላችሁ፤ ይህንን ነገር በገዛ መጥረቢያው የሠራው ሰው እኮ አለ» አለና የጆሹዋ ስሎከምን ታሪክ አመጣ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ምሽት ውጤት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን።

ስሎከም በታሪክ የሚታወቀው ዓለምን ለብቻው በሸራ ጀልባ የዞረ የመጀመሪያው ሰው ተብሎ ነው። ጉዞው በየመጽሐፉ ይተረካል። እኛ ግን ከጉዞው በፊት ስለነበሩት 13 ወራት እናውራ። ምክንያቱም የታሪክ ጸሐፊ ልማድ ሆኖበት ጀልባዋ ወደብ ስትለቅ ብዕሩን ያነሣል፤ እንጨቱ ሲጠረብ፥ ሳንቃው ሲመታ ግን የት እንደነበረ አይታወቅም። ከመካከላችን ባሕር አይተን የማናውቅ እንበዛለን፤ እንጨት ሲጠረብ ያላየ ግን የለም። ስለዚህ ነገሩ የሚርቀንን ያህል ይቀርበናል።

ስሎከም በ1844 በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ተወለደ። ገና በልጅነቱ ከቤት ወጥቶ ባሕር ገባ፤ ከተራ መርከበኝነት ተነሥቶ ካፒቴን ሆነ። ይሁን እንጂ ሰውየው ካፒቴን የሆነበት ዘመን የሸራ መርከብ እየሞተ፥ የእንፋሎት መርከብ እየነገሠ የሄደበት ዘመን ነበር። በ1887 መጨረሻ አኩዊድኔክ የምትባለው መርከቡ በብራዚል ጠረፍ አሸዋ ላይ ወጥታ ተሰባበረች። ኢንሹራንስ አልነበራትም። ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ግን የሰውየውን ባሕርይ ያሳየናል፤ እዚያው ብራዚል ውስጥ 35 ጫማ ርዝመት ያላት ጀልባ ራሱ ሠራ። ሸራዎቿን የሰፋችው ሚስቱ ናት። ጀልባይቱ ውሃ ላይ የወረደችው በግንቦት 13 ቀን 1888፥ በብራዚል ባርነት በሕግ በቀረበት ዕለት ስለነበረ ስሟን ሊበርዳዴ፥ ማለት «ነፃነት» ብለው አወጡላት። በዚህች ጀልባ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ አሜሪካ ገባ።

አሜሪካ ግን እጅ ዘርግታ አልተቀበለችውም። በ1892 ክረምት ስሎከም 48 ዓመቱ ነው፤ ቦስተን ከተማ ውስጥ ሥራ ፈትቶ ይዞራል። የሚታዘዝ መርከብ የለም። በመርከብ መሥሪያ ቤት ልቀጠር ቢል ደግሞ በመጀመሪያ ለሠራተኞች ማኅበር 50 ዶላር መክፈል አለብህ ተባለ። ሌላ ሙያ የሌለው ሰው ሙያው ሲሞትበት ምን ይሆናል? ይህ የስሎከም ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ነገ ዲግሪያችንን ይዘን የምንወጣው እኛንም የሚያሰጋን ነው።

በዚህ መሐል ኤበን ፒርስ የሚባል ዓሣ ነባሪ አዳኝ የነበረ አሮጌ ካፒቴን አገኘውና፥ ፌርሄቨን ና፥ መርከብ እሰጥሃለሁ፤ ብቻ ትንሽ ጥገና ትፈልጋለች አለው። ፌርሄቨን በማሳቹሴትስ ከኒው ቤድፎርድ ፊት ለፊት ያለች ከተማ ናት። ያ ወደብ የዓለምን መብራት በዓሣ ነባሪ ዘይት ያበራ ወደብ ነበር። በ1859 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ነዳጅ ዘይት ከመሬት ሲቀዳ የዓሣ ነባሪው ዘይት ገበያ ተበላሸ፤ በ1871 ደግሞ 33 የአደን መርከቦች በሰሜን ዋልታ በረዶ ተይዘው ቀሩ። ስለዚህ ስሎከም የሄደበት ቦታ ራሱ ያረጀ፥ ጡረታ የወጡ ካፒቴኖች ፀሐይ የሚሞቁበት ቦታ ነበር ማለት ይቻላል።

ሄዶ ሲያይ ጓደኛው ቀልዶበታል። ስፕሬይ የምትባለው «መርከብ» ከባሕሩ ራቅ ብሎ በግጦሽ ሜዳ ላይ በድጋፍ የቆመች፥ በሸራ ድሪቶ የተሸፈነች፥ ቀድሞ ኦይስተር ይለቀምባት የነበረች አሮጌ ጀልባ ናት። ሰባት ዓመት ሙሉ እዚያው ቆማለች። የመንደሩ ሰዎች ስሎከም መጥረቢያውን ይዞ ሲመጣ ሊያፈርሳት መስሏቸው ነበር። «የለም፥ ላድሳት ነው» ሲላቸው ተገረሙ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከዓመት በላይ ሰሚ እስኪሰለቸው ድረስ የተጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ያዋጣል ወይ?

እስቲ ሥራውን እንየው። በመጀመሪያ በአካባቢው ከነበረ ዛፍ አንድ ጠንካራ ኦክ ቆርጦ ጣለ፤ ይህ ለጀልባዋ ጀርባ አጥንት፥ ከታች ከጫፍ እስከ ጫፍ ለሚሄደው ግንድ ነው። ሆዋርድ የሚባል ገበሬ በጥቂት ገንዘብ ግንዱንና ለጎድኖቹ የሚሆነውን እንጨት ጎትቶ አመጣለት። ጎድኖቹ የተሠሩት ቀጥ ካሉ ለጋ ግንዶች ነው። ቀጥ ያለ እንጨት እንዴት ይጎብጣል? ስሎከም የእንፋሎት ሣጥን አበጀ፤ ውሃ ማፍያው ድስት ነበር። እንጨቱ በእንፋሎቱ እስኪለሰልስ ይቀቀላል፤ ከዚያ በግንድ ላይ አጉብጦ ያስረዋል፤ ሲደርቅ ቅርጹን ይዞ ይቀራል። የፊት ግንባሯን የሠራው በሜዳ ላይ ብቻውን ካደገ ነጭ ኦክ ነው፤ እንዲህ ያለው ዛፍ ነፋስ ሲፈትነው የኖረ ስለሆነ ጠንካራ ነው። ይኸው እንጨት ከዓመታት በኋላ በሕንድ ውቅያኖስ በኪሊንግ ደሴቶች ከኮራል ድንጋይ ጋር ሲጋጭ ድንጋዩ ተሰነጠቀ እንጂ እሱ አልተጫረም።

ጎኗን በአንድ ኢንች ተኩል የጆርጂያ ፓይን ሳንቃ አለበሳት። የላይኛውን ወለል በነጭ ፓይን መታ። ከዚያ የሚቀረው አድካሚው ሥራ ነው፤ በሳንቃና በሳንቃ መካከል ያለውን ስንጥቅ ሁሉ በመጀመሪያ በጥጥ ክር፥ በላዩ ደግሞ ከአሮጌ ገመድ በተፈታ ቃጫ መወተፍ። አንድ ጣት ታህል ቦታ ከተረሳች ባሕሩ ያገኛታል። ጡረተኞቹ ካፒቴኖች እየመጡ ግንድ ላይ ተቀምጠው ያያሉ፤ ይተቻሉ፤ ያመሰግናሉ። ወሬ ማሳመሪያ ሆነላቸው። ስሎከም ገንዘብ ሲያልቅበት ወደብ ወርዶ ለአደን በሚሰናዱ መርከቦች ላይ የቀን ሥራ ይሠራና ይመለሳል። በመጨረሻ ሒሳቡ ሲዘጋ ለዕቃ የወጣው 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም፥ ጉልበቱ ደግሞ የራሱ የ13 ወር ሥራ ሆነ። የተገኘችው ጀልባ ርዝመቷ 36 ጫማ ከ9 ኢንች፥ ማለት 11 ሜትር ከ20 ገደማ፥ ስፋቷ 14 ጫማ ከ2 ኢንች ነው።

እንግዲህ ወደ ማደሪያ ክፍላችን ጥያቄ እንመለስ። ከድሮዋ ስፕሬይ ምን ቀረ? እንጨቱን ከቆጠርን ምንም አልቀረ ለማለት ትንሽ ነው የሚጎድለን። ስሎከም ራሱ ነገሩን አስቦበታል። አሮጌው ቀስ በቀስ ወጥቶ አዲሱ ቀስ በቀስ ስለገባ፥ አሮጌዋ የሞተችበትን አዲሷም የተወለደችበትን ሰዓት ለይቶ መናገር እንደማይችል ጽፏል፤ በመርከበኞች ዘንድም እንዲህ የተጠገነ መርከብ የድሮ ስሙን እንደያዘ ይቆያል። እኛ እንደተረዳነው ያቺን ጀልባ ያው ጀልባ ያደረጋት እንጨቱ አይደለም፤ የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ስሎከም ስፕሬይን ባንድ ቀን አፍርሶ፥ እንጨቷን ማገዶ አድርጎ፥ ሜዳው ላይ ከባዶ ቢጀምር ኖሮ የሚያገኘው ሌላ ጀልባ ነበር። እሱ ግን አዲሱን ጎድን ያቆመው ከአሮጌው አጠገብ ነው። የበሰበሰው እንጨት መሸከሙን ቢተውም ለአዲሱ ቦታውን ያሳየው ነበር።

ያዋጣል ወይ ለተባለው ደግሞ እውነቱን እንናገር፤ አላዋጣም። ስሎከም አንድ ወቅት ሙሉ በጠረፉ ዓሣ ሊያጠምድባት ሞክሮ መንጠቆ ላይ ምግብ ማድረግ እንኳ እንደማይሆንለት አወቀ። ዓለምን ልዙር ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1895 ከቦስተን ተነሣ። የመጀመሪያ ሐሳቡ በሜዲትራንያን፥ በስዊዝና በቀይ ባሕር ማለፍ ነበረ፤ ቢሳካለት ኖሮ ያን ጊዜ ጣሊያን ይዞት በነበረው በምጽዋ አቅጣጫ ሸራው ይታይ ነበር። ነገር ግን ጂብራልታር ሲደርስ የእንግሊዝ መኮንኖች የባሕር ሽፍታ አለ ብለው ስላስጠነቀቁት ወደ ደቡብ አሜሪካ ዞረ። እኛ አድዋ ላይ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በተዋጋንበት ሰሞን እሱ በማጄላን ባሕር መተላለፊያ ከነፋስ ጋር ይታገል ነበር።

በመንገድም ጥገናው አላቆመም። ቦነስ አይረስ ላይ የሸራው ምሰሶ ረዘመብኝ ብሎ ሰባት ጫማ ቆረጠለት። በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ማዕበል ሸራውን ሲበጣጥስበት መርፌና ክር ይዞ ቁርጥራጭ ቀጣጠለ። በባሕር ዳር ወድቆ ያገኘውን የሞራ በርሜል ጭኖ ሄዶ፥ በሁዋን ፈርናንዴዝ ደሴት ለሰዎቹ እኛ ቦንቦሊኖ ከምንለው የሚቀራረብ ነገር መጥበስ አስተማረና ሞራውን ሸጠላቸው! ከሁሉ የሚያስቀው የሰዓቱ ነገር ነው። መርከበኛ ቦታውን የሚያውቅበትን ውድ ሰዓት ለማስጠገን 15 ዶላር ቢጠየቅ በዛብኝ ብሎ ቤቱ ጥሎት መጣ፤ በምትኩ ፊቱ የተሰበረ የቆርቆሮ ሰዓት በአንድ ዶላር ገዛ። እሱም ደቂቃ ቆጣሪው ወለቀ፤ ሲቆምበት በፈላ ውሃ ቀቅሎ አስነሣው። እንግዲህ ማንን መጠገን፥ ማንን መተው እንደሚገባ ማወቅም የጥገና ሙያ ነው።

ሰኔ 27 ቀን 1898 ከ46,000 ማይል በላይ ተጉዞ ኒውፖርት ገባ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ስፕሬይን ወደ ፌርሄቨን ወሰዳትና መጀመሪያ ውሃ ላይ ስትወርድ ከታሰረችበት ግንድ ላይ መልሶ አሰራት። መጽሐፉ በ1900 ታትሞ እንጀራ ሆነው። መልካም ፍጻሜ ነው እንዳንል ግን ታሪኩ እዚህ አያበቃም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጀልባዋን ያዩ ሰዎች ገመዷ እንዳረጀ፥ እንክብካቤም እንደጎደላት ተናግረዋል። በ1909 ስሎከም ለብቻው በስፕሬይ ወጣ፤ ሰውየውም ጀልባይቱም ተመልሰው አልታዩም። ምን እንዳገኛቸው የተረጋገጠ ነገር የለም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የጥገና ጉድለት ነው ብለን አንፈርድም። ይሁን እንጂ 13 ወር የተደከመላት ጀልባ እንኳ በዚያ ድካም ለዘላለም እንደማትኖር እንማራለን። ጥገና አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚመረቅ ነገር አይደለም።

በመካከላችን ሁለት ዓይነት ተከራካሪ አለ። አንደኛው ነባር የሆነውን ሁሉ አፍርሰን ከባዶ እንጀምር ይላል። ሁለተኛው የአባቶች ነውና አትንኩት ይላል። ሁለቱም መጥረቢያ አንሥተው ከሜዳው አልወረዱም። የመጀመሪያው ስፕሬይን ለማገዶ ይፈልጣት ነበር፤ ሁለተኛው በድሪቶ እንደተሸፈነች ሰባት ዓመት ያያት ነበር። በሁለቱም ዘንድ ጀልባዋ ባሕር አታይም።

እኛም እንደ መንደሩ ሰዎች «ያዋጣል ወይ?» ማለት ይቀናናል፤ ታሪክ ማንበብ ያዋጣል ወይ፥ ቋንቋ ማጥናት ያዋጣል ወይ፥ ይህችን መጽሔት በስቴንስል ማባዛት ያዋጣል ወይ እንላለን። ስሎከም ለጠያቂዎቹ ሁሉ እንዲያዋጣ አደርገዋለሁ እያለ መሳሪያውን ያነሣ ነበር። በዚያ ምሽት መብራት ሲጠፋ ክርክሩን ሳንጨርስ ተኛን። ጠዋት ስንነሣ ግን አንዱ ልጅ ለወራት እየተንገጫገጨ ያስቸገረንን የክፍላችንን ጠረጴዛ ገልብጦ እግሩን ሲመታ አገኘነው።