መርዛማ የሚለው ስም ለየትኛው እባብ ይገባል?

በመስከረም 1950 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1957) ከሊንከን ፓርክ መካነ እንስሳት ለቺካጎ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አንድ ትንሽ እባብ ተላከ። ዓይነቱን እንዲለዩ የተጠየቁት ካርል ፓተርሰን ሽሚት በዘመኑ ስመ ጥር ከነበሩት የእባብ ሊቃውንት አንዱ ነበሩ። እባቡ ቡምስላንግ ሳይሆን እንደማይቀር ጠረጠሩ፤ ነገር ግን ከሆዱ መጨረሻ ያለው ቅርፊት እንደ ወትሮው ለሁለት የተከፈለ ባለመሆኑ አመነቱ። ይዘው ሲመረምሩት የግራ አውራ ጣታቸውን ነደፋቸው።

ቡምስላንግ ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚገኝ እባብ ሲሆን ስሙ በአፍሪካንስ ቋንቋ «የዛፍ እባብ» ማለት ነው። መርዝ የሚያስተላልፉት ጥርሶቹ እንደ እፉኝት ከፊት ሳይሆን ወደ ኋላ ገባ ብለው የበቀሉ ናቸው። እንዲህ ያሉ እባቦች በሰው ላይ የከፋ ጉዳት አያደርሱም የሚለው እምነት በዚያን ጊዜ በሊቃውንቱም ዘንድ የጸና ነበር። ሽሚትን የነደፈው ደግሞ ገና ያላደገ እባብ፣ ጣታቸው ውስጥ የገባውም አንድ ጥርስ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚሰማቸውን ሁሉ በማስታወሻ መጻፍ ጀመሩ። በማግስቱ ቁርሳቸውን በልተው፣ እንደተሻላቸው ለሙዚየሙ በስልክ ተናገሩ። ከቀትር በኋላ አረፉ። አስከሬናቸው ሲመረመር ሳንባቸውም፣ ኩላሊታቸውም፣ አንጎላቸውም ደም ፈስሶበት ተገኘ፤ መርዙ የደምን መርጋት የሚያዛባ ነውና።

ይህ ሁሉ ታውቆም እ.ኤ.አ. በ1975 ጀርመናዊው ሊቅ ሮበርት ሜርተንስ ያሳድጉት በነበረ ጭራሮ መሳይ የአፍሪካ እባብ ተነደፉ። እርሳቸው ለመሞት 18 ቀን ፈጀባቸው።

ክርክሩ ግን በእነዚህ ገዳዮች ላይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 አውስትራሊያዊው ብራያን ፍራይና ባልደረቦቹ በቤት ከሚረባ፣ የዋህ ከሚባል የእስያ አይጥ በል እባብ የኮብራን መርዝ የሚመስል ንጥረ ነገር አገኙ። እንግዲያው መርዛማ ይባል? አሜሪካዊው ኬኔት ካርዶንግን የመሳሰሉት ደግሞ ንጥረ ነገሩ መገኘቱ ብቻ አይበቃም፣ ለእንስሳው የሚሰጠው አገልግሎት መታየት አለበት ይላሉ። አማርኛ በዚህ ረገድ አያግዝም፤ የሚጠጣውንም የሚነደፈውንም «መርዝ» ብሎ ይጠራል፣ ልዩነቱን ለግሡ ትቶ። ለገዢው የሚጠቅመው ግን እውነቱን ከነመጠኑ መንገር ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ቤቶች የሚወደደው አፍንጫ ቀናው የሰሜን አሜሪካ እባብ ሲነክስ እጅ ሊያሳብጥ ይችላል። «መርዛማ» ብቻ ተብሎ ቢጻፍበት ከቡምስላንግ ጋር በአንድ ከረጢት ይከተታል፤ ምንም ባይጻፍበት ደግሞ ሽሚትን ያዘናጋው እምነት ይመለሳል።

የብሪታንያ ሕግ በሌላ በኩል ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የአደገኛ አራዊት አዋጅ ፈቃድ የሚጠይቀው በአደገኛነት እንጂ መርዝ በመያዝ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ዝርዝሩ ሲሻሻል ጥቁርና ቢጫው የማንግሮቭ እባብ፣ ከነመርዙ፣ ወጣ። ቡምስላንግና ሜርተንስን የገደለው ጭራሮ መሳዩ እባብ ግን እዚያው ቀሩ።