ከአኃዙ ጀርባ ያለው ንግድ፦ የቢዝነስ ትምህርት ፋይዳ በዳታ ዘመን

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ መጣጥፍ በሞባይል ገንዘብ አገልግሎት የሚሰጠውን አነስተኛ ብድር ማሳያ አድርጎ፣ የቢዝነስ ትምህርት በዳታ ላይ በተመሠረተ ኢኮኖሚ ውስጥ ያለውን ፋይዳ ይመረምራል። የትምህርቱ ዋና ጥቅም ሶፍትዌር ማስተማሩ አይደለም፤ አንድ አኃዝ የትኛውን የንግድ ድርጊት እንደሚወክልና በአኃዙ ላይ የቆመ ውሳኔ የሰዎችን ጠባይ እንዴት እንደሚለውጥ ማስረዳቱ ነው ሲል ይሞግታል።

1. መግቢያ

የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ኤም-ፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለው። በመካከሉ፣ በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር በመሆን በቴሌብር የብድርና የቁጠባ አገልግሎት አቀረበ። ቤት ወይም መኪና ማስያዝ በለመደ የብድር ሥርዓት ውስጥ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም፤ አበዳሪው ከካርታና ከሊብሬ ይልቅ የደንበኛውን የገንዘብ እንቅስቃሴ ማየት ጀምሯል። የብድር መጠኑን ኮምፒውተር የሚወስን ከሆነ፣ ኮድ ጸሐፊው እያለ የቢዝነስ ምሩቅ ምን ይፈይዳል?

2. የቆየ ክርክር

ጥያቄው መልኩን ቀይሮ መጣ እንጂ አዲስ አይደለም። ሮበርት ጎርደንና ጄምስ ሃውል እ.ኤ.አ. በ1959 በፎርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ ባሳተሙት ጥናት፣ የአሜሪካ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች በስሌትና በምርምር ደካማ ናቸው ሲሉ ነቀፉ። ትምህርት ቤቶቹም ወደ ስታቲስቲክስና ወደ ሞዴል አዘነበሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ዋረን ቤኒስና ጄምስ ኦቱል በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ ተቃራኒውን ክስ አቀረቡ፦ ትምህርቱ ሳይንስ ልምሰል ሲል ከሥራው ዓለም ርቋል። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው፤ ስሌትን ከንግድ ዕውቀት የሚነጥል ትምህርት በየትኛውም በኩል ጎዶሎ ነው።

3. ዕቁብና ሁዳዴ

አንዲት ቅቤ ነጋዴ በሳምንት 5,000 ብር የሚጣልበት፣ ሃያ አባላት ያሉት ዕቁብ አላት እንበል። ዕጣ ሲወጣላት 100,000 ብር በስልኳ ይገባል። ገቢና ወጪን ብቻ የሚቆጥር ሞዴል ይህን እንደ ሽያጭ ሊያየው ይችላል። ዕቁቡ የደረሳት በመጀመሪያው ሳምንት ከሆነ ግን የ95,000 ብር ዕዳ አለባት፤ በመጨረሻው ሳምንት ከሆነ የተቀበለችው የገዛ ቁጠባዋን ነው። በዳታው ላይ አንድ ዓይነት የሚመስለው 100,000 ብር በሒሳብ መዝገብ ላይ ሁለት ተቃራኒ ትርጉም አለው። ገንዘቡ በእጁ የሚያልፈው ሰብሳቢማ፣ በሃያ ሳምንት ሁለት ሚሊዮን ብር ስለሚያንቀሳቅስ ትልቅ ነጋዴ መስሎ ይታያል።

ወቅትም እንዲሁ ያሳስታል። ፋሲካ በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ 27፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሚያዝያ 12 ዋለ። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ሚያዝያ አብዛኛው በሁዳዴ ተያዘ፤ የሁለተኛው ከግማሽ በላዩ የፍስክ ጊዜ ሆነ። ሚያዝያን ከሚያዝያ ጋር ያነጻጸረ ተንታኝ የቅቤ ነጋዴዋ ንግድ አደገ ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ የተለወጠው ግን የጾሙ ቀን ነው።

4. አኃዙን የሚለውጥ ውሳኔ

ሌላው ችግር ከውሳኔው ራሱ ይመነጫል። አበዳሪው ብድር መክፈልና አለመክፈላቸውን የሚያውቀው ስላበደራቸው ሰዎች ብቻ ነው፤ የከለከላቸው ቢያገኙ ኖሮ ይመልሱ እንደነበር ዳታው አይነግረውም። በዚህ ዳታ የሠለጠነ ሞዴል የትናንቱን ጥርጣሬ እንደ ማስረጃ ይወርሳል።

ከዚህም ሌላ፣ እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 እንዳመለከተው፣ አንድ መለኪያ የቁጥጥር መሣሪያ ሲሆን አስተማማኝነቱን ያጣል። የገንዘብ ዝውውር የብድር ጣሪያን ከፍ እንደሚያደርግ ያወቀ ተበዳሪ፣ በሁለት ስልኮች መካከል ገንዘብ ማመላለስ ይቀለዋል። የናሙና መዛባትን ስታቲስቲክስ፣ የማትጊያን ውጤት ኢኮኖሚክስ ያስተምራሉ፤ ሁለቱ በአንድ የብድር ውሳኔ ላይ ሲገናኙ የሚያይ ባለሙያ ማፍራት ግን የቢዝነስ ትምህርት ድርሻ ነው።

5. መቃወሚያ

ዕቁብ ገቢ አለመሆኑን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ የመርካቶ ነጋዴ ከማንም በላይ ያውቀዋል ሊባል ይችላል። እውነት ነው። ችግሩ ነጋዴዋ ሞዴሉን አለማየቷ፣ ሞዴሉን የሠራው ደግሞ ዕቁቡን አለማየቱ ነው። ምሩቁ የሚያስፈልገው የነጋዴዋን ልምድ ወደሚፈተን መላምት ለመለወጥ ነው፦ በየሳምንቱ እኩል መጠን እየወጣ አንድ ጊዜ በጅምላ የሚገባ ገንዘብ ከሽያጭ ተለይቶ ቢቆጠር፣ የብድር አመላለስ ትንበያው ይሻሻላል? ካልተሻሻለ መላምቱን መጣልም የትምህርቱ አካል ነው።

6. ማጠቃለያ

እንግዲህ ሥርዓተ ትምህርቱ የሒሳብ አያያዝን፣ ስታቲስቲክስንና የንግድ ሕግን ለየብቻ አስተምሮ ማገናኘቱን ለተማሪው መተው የለበትም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በወጣበት አገር፣ የሰውን የገንዘብ ታሪክ የሚተነትን ባለሙያ የሕግ ግዴታውንም ሊያውቅ ይገባል። አንድ ፈተና ለዚህ ይበቃል፦ ለተማሪው ማንነቱ የተደበቀ የአንድ ነጋዴ የስድስት ወር የገንዘብ ዝውውር ይሰጠው፤ ስንት እንደሚያበድር፣ የትኛውን አኃዝ እንደማያምንና ብድር ቢከለክለው ለነጋዴው ምን ምክንያት እንደሚሰጥ ይጻፍ። ሦስተኛውን መመለስ ያቃተው ተማሪ፣ የመጀመሪያውን በትክክል ቢያሰላም ለሥራው አልደረሰም።