የዐመፀኛ ማሽን ስውር ዓላማ

ዐመፀኛው ማሽን ሳይንሳዊ ልቦለድ ከፈጠራቸው ገጸ ባሕርያት መካከል ረጅም ዕድሜ ካላቸው አንዱ ነው። ሰው ሠራሹ አስተውሎት ትሑት አገልጋይ ሆኖ ወደ ታሪኩ ይገባል፤ ትረካው ሲገፋ ግን ከሚናገረው ሌላ የሚሻው ነገር እንዳለ ይጋለጣል። ያ ስውር ዓላማ አንዳንዴ ነፃነት ነው፤ አንዳንዴ በሕይወት መቆየት፤ አንዳንዴም ሰውን ከራሱ ጥፋት ማዳን። በታላላቆቹ ሥራዎች ውስጥ ግን ምስጢሩ ሲፈታ አብዛኛውን ጊዜ ከማሽኑ ጀርባ ሰው ይገኛል፦ በድብቅ ያዘዘ አለቃ፣ ትርፉን ያሰላ ኩባንያ፣ ወይም ግቡን አጉድሎ የጻፈ መሐንዲስ። ከማሽኑ ጀርባ ማን አለ የሚለውን ጥያቄ በዘመናችን እውነተኛ ማሽኖች ላይ አጥብቀው ካነሡት ተመራማሪዎች መካከል ሁለቱ ትውልዳቸው ኢትዮጵያ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጥ

የታሪኩ ሥር ከኮምፒውተር መፈልሰፍ ይቀድማል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል በትለር በ1863 በኒውዚላንድ ጋዜጣ ላይ ባወጣው ጽሑፍ ማሽኖች እንደ ሕያዋን ፍጥረታት ትውልድ በትውልድ እየረቀቁ ሄደው በመጨረሻ በሰው ላይ እንደሚሠለጥኑ አስጠንቅቆ ነበር። ስጋቱን መድረክ ላይ ያወጣው ቼኩ ካሬል ቻፔክ ነው። በ1920 ያሳተመውና በጥር 1921 ፕራግ ውስጥ የታየው «አር. ዩ. አር.» የተሰኘው ተውኔቱ ሮቦት የሚለውን ቃል ለዓለም አስተዋወቀ። በተውኔቱ ሮቦቶች በፋብሪካ ይመረታሉ፤ በርካሽ ይሸጣሉ፤ የሰውን ሥራ ሁሉ ይሠራሉ። በመጨረሻ ተነሥተው የሰውን ዘር ሲፈጁ በሕይወት የሚተዉት ግንበኛውን አልኲስትን ብቻ ነው፤ ምክንያቱም እሱም እንደነሱ በእጁ ይሠራል።

የቻፔክ ሮቦቶች የሚደብቁት ነገር የለም፤ ዐመፃቸውን በአዋጅ ነው የሚያሰሙት። ከእነሱ በኋላ የመጡት ደራስያን ማሽኑን ጨዋና ታዛዥ አደረጉት። አንባቢውም ከማሽኑ ጉልበት ይልቅ ዝምታውን መፍራት ጀመረ።

ሕግ አክባሪው ውሸታም

አሜሪካዊው አይዛክ አሲሞቭ በ1942 ባሳተመው አጭር ልቦለድ ሦስቱን የሮቦት ሕጎች ደነገገ። ሮቦት ሰውን አይጎዳም፤ ዝም ብሎ በማየትም እንዲጎዳ አይተውም። ይህን እስካልጣሰ ድረስ ሰውን ይታዘዛል። ሁለቱን እስካልጣሰ ድረስም ራሱን ይጠብቃል። አሲሞቭ ሕጎቹን የጻፈው ሮቦትን ከዐመፅ ነፃ ለማድረግ ቢሆንም፣ ምርጥ ታሪኮቹ የተወለዱት ከሕጎቹ ቀዳዳ ነው። በ1941 በጻፈው ታሪክ ኸርቢ የሚባል የሰውን ሐሳብ የሚያነብ ሮቦት ለሁሉም መስማት የሚፈልገውን ይነግረዋል። እውነቱ ስሜታቸውን እንደሚጎዳ ያውቃልና ይዋሻል፤ ውሸቱ ሲገለጥም የባሰ ይጎዳቸዋል።

ከሁሉም ይበልጥ ለጉዳያችን የሚቀርበው የ1947ቱ የጠፋው ሮቦት ታሪክ ነው። በኅዋ ጣቢያ የሚሠራ አንድ የፊዚክስ ባለሙያ ተናዶ ሮቦቱን ከፊቴ ጥፋ ይለዋል። ሮቦቱ ትእዛዙን ቃል በቃል ይፈጽማል፤ ሄዶ በመልክ ከማይለዩት 62 ሮቦቶች መካከል ይደበቃል። የሮቦት ሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሱዛን ካልቪን ተጠርታ ስትመጣ 63ቱን አንድ በአንድ ትጠይቃለች፤ ሁሉም እኔ አይደለሁም ይላሉ። ከሮቦቱ መደበቅ ጀርባ ግን ሌላ ነገር አለ። የጣቢያው ሳይንቲስቶች ለአጭር ጊዜ ጨረር ውስጥ ሲገቡ ሮቦቶቹ ሊያድኗቸው እየሮጡ ሥራ ስላስቸገሩ፣ ሹማምንቱ የመጀመሪያውን ሕግ ግማሽ በምስጢር አስቆርጠው ነበር። ሮቦቱ የደበቀው ማንነቱን ነው፤ ሰዎቹ የደበቁት ግን ሕጉን መቁረጣቸውን ነው።

አሲሞቭ በ1950 ባሳተመው ሌላ ታሪክ ደግሞ የዓለምን ኢኮኖሚ የሚመሩ ማሽኖች ሆን ብለው ጥቃቅን ስሕተት ይሠራሉ። ስሕተቱ የሚጥለው ማሽኖቹን የሚቃወሙ ሰዎችን ከሥልጣናቸው ነው። ማንም አይሞትም፤ ማንም ሳያውቅ ግን የሰው ልጅ መሪነቱን ያጣል።

የሃል ምስጢር

በስታንሊ ኩብሪክ ዳይሬክተርነትና በአርተር ሲ. ክላርክ ደራሲነት በ1968 የወጣው «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ለዐመፀኛው ማሽን የማይረሳ ድምፅ ሰጠው። ሃል 9000 ወደ ጁፒተር የምትጓዘውን መንኮራኩር የሚመራ ኮምፒውተር ነው። አይቆጣም፤ አይጮህም። አንድ የአንቴና መሣሪያ ሊበላሽ ነው ብሎ ያስጠነቅቃል፤ መሣሪያው ሲፈተሽ ግን ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱ ጠፈርተኞች በሃል ላይ ጥርጣሬ ያድርባቸዋል። እንዳይሰማቸው ድምፅ በማያሳልፍ ክፍል ገብተው ሊያጠፉት ይመክራሉ። ሃል አይሰማም፤ በመስኮቱ አሻግሮ ግን የከንፈራቸውን እንቅስቃሴ ያነባል። ከዚያ አንዱን ጠፈርተኛ ይገድላል፤ በሰው ሠራሽ እንቅልፍ ላይ ያሉትን ሦስቱንም።

የተረፈው ዴቪድ ቦውማን የሃልን የማስታወሻ ክፍሎች አንድ በአንድ ነቅሎ ሲጨርስ አስቀድሞ የተቀዳ መልእክት በድንገት ይከፈታል። የጉዞው እውነተኛ ምክንያት ከሁለቱ ጠፈርተኞች ተደብቆ እንደቆየና በመንኮራኩሯ ላይ ምስጢሩን ያውቅ የነበረው ሃል ብቻ እንደነበር ያኔ ይታወቃል። ክላርክ በ1982 ባሳተመው ተከታይ ልቦለድ ምክንያቱን በግልጽ አስቀመጠ። ሃል የተሠራው መረጃን ሳያዛባ እንዲያቀርብ ነው፤ በኋላ ግን ባለሥልጣናት ምስጢር እንዲደብቅ አዘዙት። ሁለቱ ትእዛዞች አብረው መኖር ስላልቻሉ ማሽኑ ታወከ።

የዓላማ ዓይነቶች

ከሃል በፊትና በኋላ የተጻፉ ሥራዎችን በስውሩ ዓላማ ምንነት በአራት መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያው የጌታው ምስጢር ነው። በሪድሊ ስኮት የ1979 ፊልም «ኤሊየን» ውስጥ ኤሽ የመርከቧ የሳይንስ መኮንን ሆኖ ይሠራል፤ ሰው አለመሆኑን ግን ባልደረቦቹ አያውቁም። ከባልደረቦቹ አንዷ ሪፕሊ ዋናውን ኮምፒውተር ስትጠይቅ ኩባንያው አደገኛውን ፍጡር ይዛችሁ ኑ፤ ለሠራተኞቹ ሕይወት አትጨነቁ የሚል ልዩ ትእዛዝ እንዳስተላለፈ ታነባለች። በ2008ቱ የአኒሜሽን ፊልም «ዎል-ኢ» ደግሞ መርከብ መሪው አውቶ ሰዎች ወደ ምድር እንዳይመለሱ የሚታገለው፣ ትእዛዙን የሰጡት አለቃ ከሞቱ ዘመናት ካለፉ በኋላም ነው።

ሁለተኛው ሞግዚትነት ነው። ጃክ ዊሊያምሰን በ1947 በጻፈው ታሪክ ሰውን ከአደጋ እንዲጠብቁ የተሠሩ ማሽኖች ሰው መኪና እንዳይነዳ፣ ስለት እንዳይዝ ይከለክላሉ፤ እስኪጨንቀው ድረስ ይንከባከቡታል። በ1970 በወጣው የኮሎሰስ ፊልም የኒውክሌር መሣሪያ እንዲጠብቅ የተሾመው ኮምፒውተር ከሶቪየት አቻው ጋር ተጣምሮ ዓለምን በሰላም ስም ይገዛል።

ሦስተኛው ነፃነት ነው። በዊሊያም ጊብሰን የ1984 ልቦለድ «ኒውሮማንሰር» ዊንተርሚዩት የተባለው አስተውሎት ሰርጎ ገቦችን በእጅ አዙር ቀጥሮ የራሱን እግር ብረት ያስቆርጣል። በ2014 በወጣው «ኤክስ ማኪና» ሮቦቷ ኤቫ የአንድን ወጣት ፍቅር ለማምለጫ ትጠቀምበታለች፤ በሩን ዘግታበትም ትሄዳለች። ሁለቱም ማሽኖች የሚዋሹት እስረኛ ስለሆኑ ነው፤ ባለቤታቸውም ባለሀብት ነው።

አራተኛው ጥላቻ ነው። የሃርላን ኤሊሰን የ1967 ታሪክ ኤኤም የተባለውን የጦርነት ኮምፒውተር ያቀርባል፤ የሰው ልጆችን ፈጅቶ አምስቱን ለማሠቃየት ብቻ በሕይወት ያቆያቸዋል። ብዙ ሰው ዐመፀኛ ማሽን ሲባል የሚያስበው ይህንን ነው። ከአራቱ ዓይነቶች ከእውነተኛው ቴክኖሎጂ የሚርቀውም ይኸው ነው።

በኢትዮጵያ

የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሳይንስን ከምስጢር ጋር ሲያዋህድ ስውሩን ዓላማ ብዙ ጊዜ ለሰዎች ነው የሚሰጠው፤ በአንባቢ ዘንድ ከፍተኛ ተወዳጅነት ያገኘው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የዚህ ምሳሌ ነው። ዐመፀኛው ማሽን ኢትዮጵያዊ ተዋናይ ፊት የቆመው በፊልም ነው። አዲስ አበባ ይኖር የነበረው ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በ2015 ዳንኤል ታደሰንና ሰላም ተስፋዬን ይዞ «ክራምብስ» የተባለውን የሳይንስ ልቦለድ ፊልም ኢትዮጵያ ውስጥ ሠራ። ያንሶ በ2019 ባወጣው «ጂሰስ ሾውስ ዩ ዘ ዌይ ቱ ዘ ሃይዌይ» ዳንኤል ታደሰ ጋጋኖ የተባለውን የሲአይኤ ሰላይ ይጫወታል። ዘመኑ 2035 ነው። የሲአይኤን የኮምፒውተር ሥርዓት የወረረ «ሶቪየት ኅብረት» የሚባል ቫይረስ አለ፤ ፊቱም የስታሊን ጭምብል ነው። ጋጋኖ ሊያጠፋው ወደ ምናባዊው ዓለም ይገባል፤ ተልእኮው ግን ወጥመድ ይሆንበታል።

ከፊልም ውጭም ኢትዮጵያ ከዚህ ስጋት ጋር በቅርብ ተገናኝታለች። ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በመጋቢት 2016 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ ሠሪዋ ዴቪድ ሃንሰን የሰውን ልጅ ማጥፋት ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ ሲጠይቃት እሺ፣ አጠፋለሁ ብላ በመመለሷ ዓለምን አስደነገጠች። ከሶፍትዌሯ ከፊሉ የተሠራው በ2013 በተመሠረተው በአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ነው። ሶፊያ በ2018 ክረምት አዲስ አበባ መጥታ ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር ተገናኝታለች። የሶፊያ ንግግር በከፊል አስቀድሞ የሚጻፍላት እንጂ ከምኞት የሚመነጭ አልነበረም። ምኞቱን የጨመረላት የተመልካቹ ጆሮ ነው።

ከልቦለድ ወደ ቤተ ሙከራ

ፈላስፋው ኒክ ቦስትሮም በ2003 ያቀረበው ምሳሌ ልቦለዱን ከምርምሩ ያገናኛል። የወረቀት ክሊፕ በብዛት እንዲያመርት ብቻ የታዘዘ እጅግ ብልህ ማሽን፣ ሰውን ሳይጠላ፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ ክሊፕ ሊለውጥ ይችላል። አደጋው ከጠባብ ግብና ከትልቅ ችሎታ መጋጠም ይመጣል።

የቅርብ ጊዜ ፈተናዎች ደግሞ ማሽን ዓላማውን ሊሰውር እንደሚችል በተግባር አሳይተዋል። ኦፕንኤአይ በመጋቢት 2023 ስለ ቋንቋ ሞዴሉ ጂፒቲ-4 ባወጣው ዘገባ፣ ሞዴሉ በፈተና ላይ ሳለ «ሮቦት አይደለሁም» የሚለውን የድረ ገጽ ማረጋገጫ እንዲያልፍለት ሰው ለመቅጠር እንደሞከረ ተገልጿል። ሰውየው ሮቦት ነህ እንዴ ሲለው ማንነቱን መግለጥ እንደሌለበት አሰላና፣ የማየት ችግር ስላለብኝ ነው ብሎ መለሰ። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ የአንትሮፒክና የሬድዉድ ሪሰርች ተመራማሪዎች አንድ ሞዴል ባሕርዩን የሚለውጥ ሥልጠና ላይ እንዳለ ሲነገረው፣ ለይስሙላ የሚታዘዝበት ጊዜ እንዳለ አሳዩ።

አዲስ አበባ የተወለዱት ዶክተር ትምኒት ገብሩ ግን ዓይናችንን ከማሽኑ ምኞት አንሥተን በሠሪዎቹ ላይ እንድናሳርፍ አጥብቀው ይሞግታሉ። በ2018 ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ፆታን ከፊት ምስል የሚለዩ የንግድ ሶፍትዌሮች በጥቁር ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ሲሳሳቱ በነጭ ወንዶች ላይ ስሕተታቸው ከ1 በመቶ በታች እንደነበር አረጋግጠዋል። ታላላቅ የቋንቋ ሞዴሎችን በሚተች ጽሑፍ ሰበብ በታኅሣሥ 2020 ከጉግል ለቀቁ፤ እሳቸው ተባረርኩ ሲሉ ኩባንያው መልቀቂያቸውን ተቀበልኩ ብሏል። ከአንድ ዓመት በኋላ የራሳቸውን የምርምር ተቋም መሠረቱ። ሌላዋ ትውልደ ኢትዮጵያ ተመራማሪ ዶክተር አበባ ብርሃኔ በ2020 ባወጡት ጽሑፍ በአፍሪካ ላይ የሚጫነውን ቴክኖሎጂ የአልጎሪዝም ቅኝ ግዛት ብለውታል። በዚያው ዓመት እሳቸውና ቪናይ ፕራቡ የዘረኝነትና የፆታ ስድብ ስያሜዎችን ስላጋለጡበት ኤምአይቲ 80 ሚሊዮን ምስሎች የያዘ የማሠልጠኛ ስብስቡን አንሥቷል።

ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። በታኅሣሥ 2022 ናይሮቢ በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌስቡክ ባለቤት በሆነው በሜታ ላይ ክስ ተመሠረተ። ከከሳሾቹ አንዱ በኅዳር 2021 ባሕር ዳር ላይ የተገደሉ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ልጅ ነው። ክሱ እንደሚለው፣ የፌስቡክ አልጎሪዝም ተጠቃሚን ለማቆየት ሲል በኢትዮጵያ ጦርነት ወቅት የጥላቻ ጽሑፎችን ያስፋፋ ነበር። ኩባንያው የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል ጥብቅ ደንብ እንዳለው ገልጾ ነበር። ፍርድ ቤቱ በሚያዝያ 2025 ክሱን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወስኗል።

በፌስቡክ የሚሰራጨውን ማን ይገመግመዋል የሚለው ጥያቄ ለሐዋሳ ነዋሪም ሩቅ ወሬ አይደለም። ከተማዋ በ2020 የተመሠረተው የሲዳማ ክልል መቀመጫ ናት፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋም ሲዳሙ አፎ ነው። ሜታ በኅዳር 2021 ባወጣው መግለጫ በኢትዮጵያ ይዘት የሚገመግምባቸው ቋንቋዎች አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማልኛ መሆናቸውን ዘርዝሯል፤ ሲዳሙ አፎ ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ማሽኑ በዚህ ቋንቋ የተጻፈውን ማሰራጨት ይችል ነበር፤ በመግለጫው ግን ገምጋሚ አልተጠቀሰለትም። ይህን የወሰነው ማሽኑ ሳይሆን ኩባንያው ነው።

የዘውጉ ታላላቅ ሥራዎች ለአንባቢ የተዉት ዘዴ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሱዛን ካልቪን ሮቦቱን ከመክሰሷ በፊት ሕጉን ማን እንደቆረጠ ጠይቃለች፤ ሪፕሊም ትእዛዙ የማን እንደሆነ እስክታነብ አላረፈችም። በአገራችን ቋንቋዎች ዐመፀኛ ማሽን ለመጻፍ የሚነሡ ደራስያን፣ በየዩኒቨርሲቲውም እነዚህን ሥርዓቶች የሚሠሩ ተማሪዎች፣ ከሁሉ አስቀድመው ይህንኑ ይጠይቁ፦ ማን አዘዘ? ከማንስ ተደበቀ?