ለዱር እንስሳት የተመቸ እርሻና የአርሶ አደሮች የልምድ ልውውጥ ጉብኝት

ሙዱላ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የጠምባሮ ልዩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በአካባቢው እንሰት፣ ቡና፣ ፍራፍሬና አገር በቀል ዛፎች በአንድ ጓሮ ተሰባጥረው ይለማሉ። ይህ የጥምር ግብርና ዘዴ አፈርን ከመሸርሸር ከመጠበቁም በላይ ለአእዋፍ፣ ለንቦችና ለአነስተኛ የዱር እንስሳት መጠለያ ይሆናል።

አርሶ አደሮች ከጓሮ አልፈው ተራራና ገደልን መልሶ የማልማትን ሥራ በቡድን ሊመለከቱ ከሚችሉባቸው የቅርብ ስፍራዎች አንዱ በወላይታ ዞን የሚገኘው ሁምቦ ነው። በዚያ 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት ከዓለም ባንክና ከወርልድ ቪዥን በተገኘ ድጋፍ በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት አማካይነት ተከልሎ እንዲያገግም ተደርጓል። ፕሮጀክቱ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹህ ልማት ሥልት ተመዝግቦ ከካርበን ሽያጭ ገቢ ለማግኘት በቅቷል።

የሥራው ዋና መሠረት አዲስ ችግኝ መትከል ሳይሆን በመሬት ውስጥ የቀረውን ጉቶ ማነቃቃት ነው። መሬቱ ከልቅ ግጦሽና ከከሰል ምርት ሲጠበቅ ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከቀንበጦቹ ጠንካሮቹ ተመርጠው የተቀሩት ይገረዛሉ። ሣሩም ታጭዶ ለከብት መኖ ይውላል።

ደን ሲያገግም የዱር እንስሳትም ይመለሳሉ። ዝንጀሮ፣ ከርከሮና ጃርት ግን በአዝመራ ላይ ጉዳት ያደርሳሉ። የደኑ ጥቅም ለሁሉም ሲዳረስ ጉዳቱ የሚያርፈው በደን ዳርቻ በሚኖሩ አባወራዎችና እማወራዎች ላይ ነው። ስለዚህ ጎብኚ ቡድን ከዛፉ ቁመት ይልቅ ማሳውን ማን እንደሚጠብቅ፣ የጥበቃው ሸክም እንዴት እንደሚከፋፈልና ልጆች ለጥበቃ ሲባል ከትምህርት ገበታ እንደማይቀሩ ማጣራቱ ይጠቅመዋል።

ጉብኝቱ ራሱም ጥንቃቄ ይሻል። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በተበከለ የመቁረጫ መሣሪያ ከተክል ወደ ተክል ይተላለፋል፤ በመሆኑም ጎብኚዎች እንሰት ከመቁረጥ መታቀብ፣ ለማሳያ የሚቆረጥ ከሆነም ቢላዋው በእሳት እንዲለበለብ ማድረግ ይኖርባቸዋል። የዱር እንስሳትን መመገብም ሆነ ማሳደድ አይገባም።

ከጉብኝት መልስ ትምህርቱን ጉቶ ባለው አነስተኛ መሬት ላይ መሞከር፣ በከለላው ደንብ ላይም አስቀድሞ ከጎረቤት ጋር መስማማት ተገቢ ነው።