«ጾታዊ አድልዎ» ስለሚባለው ቃል አመጣጥና አገባብ

ሴት በሴትነቷ ብቻ ከትምህርት፤ ከሥራና ከሸንጎ መከልከሏ በብዙ አገር የኖረ ነገር ነው። ከዚህ ነገር ጀርባ ያለውን አስተሳሰብ በአንድ ቃል ጠርቶ መክሰስ ግን የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር የምንወደው፤ በእንግሊዝኛ «ሴክሲዝም» የሚባለው ቃል እንዴት እንደተወለደና እኛ «ጾታዊ አድልዎ» ብለን ስንተረጕመው ምን እንዳተረፍን፤ ምንስ እንደቀረብን ነው።

ቃሉ የተወለደው በአሜሪካ፤ ስለ ዘር በሚደረገው ክርክር መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የአሜሪካ ምክር ቤት የሲቪል መብቶችን ሕግ ሲመክርበት፤ የቨርጂንያው እንደራሴ ሃዋርድ ስሚዝ በሥራ ቅጥር ከተከለከሉት የአድልዎ ምክንያቶች ጋራ «ጾታ» የሚለውም እንዲጨመር አሳሰቡ። ሰውየው የሕጉ ተቃዋሚ ስለነበሩ፤ ይህን ያደረጉት ሕጉን ለማሰናከል ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ በሸንጎውም ሳቅ ሆኖ ነበር። የሆነው ሆኖ ቃሉ ገባ፤ ሕጉም ጸደቀ።

በሚከተለው ዓመት በኅዳር ወር፤ ፓውሊን ሊት የተባሉ ሴት በፔንሲልቬንያ በፍራንክሊንና ማርሻል ኮሌጅ ንግግር አደረጉ። ኮሌጁ በዚያን ጊዜ የሚቀበለው ወንዶችን ብቻ ነበር፤ ሴቶች የገቡበት እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። የንግግራቸው ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ጥሩ ግጥም የጻፉ ሴቶች ጥቂት ናቸውና የሴት ግጥም ከነጭራሹ አይነበብ የሚል ሰው፤ አቋሙ ከዘረኛው አቋም ጋራ አንድ ስለሆነ፤ «ሴክሲስት» ሊባል ይገባዋል። እስካሁን ከታወቁት የቃሉ አገባቦች በዛሬው ትርጕሙ ቀደምትነት ያለው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ ደራሲዋ ካሮላይን በርድ ባደረጉትና በታተመው ንግግራቸው ቃሉን ለብዙ አንባቢ አደረሱት።

እንግዲህ ቃሉ በ«ዘረኝነት» አምሳል የተሠራ ነው። ኃይሉም ከዚህ የመጣ ይመስለናል፤ ዘረኛ መባልን የሚያፍር ሰው፤ ያው አስተሳሰብ በእኅቱና በሚስቱ ላይ ሲውል ዝም ብሎ ለማለፍ ይቸግረዋልና። ነገር ግን ምሳሌው አንድ ነገር ይሸፍናል። ዘረኛ የሚንቀውን ሰው ከሰፈሩ ሊያርቅ ይችላል፤ ሴትን የሚንቅ ግን ከእርሷ ጋራ ባንድ ገበታ ቀርቦ፤ እርሷ የጋገረችውን እንጀራ እየበላ ነው። ንቀቱና ፍቅሩ ባንድ ቤት አብረው ያድራሉ።

ወደ አማርኛው እንምጣ። «ጾታ» በግዕዝ ወገን፤ ክፍል፤ ዓይነት ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ሦስቱ ጾታ ምእመናን» ሲሉ ካህናትን፤ ወንዶችንና ሴቶችን ማለታቸው ነው፤ ከዚህ እንደምናየው ካህንነትም አንድ ጾታ ነበር። «አድልዎ» ደግሞ ከ«ደለወ» ጋራ የሚዛመድ ነው፤ «ደለወ» መዘነ ማለት ነውና፤ አድልዎ ሚዛኑን ወደ አንድ ወገን ማጋደል ይሆናል። ትርጕሙ መልካም ነው፤ የዳኝነት ሽታም አለበት።

በሕጋችን ታሪክ ሚዛኑ እንዴት እንደተጋደለ ማየት አያስቸግርም። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ለሴቶች የምርጫ መብት ሰጠ፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም እ.ኤ.አ. በ1957 በተደረገው ምርጫ የሕዝብ እንደራሴ ሆኑ። ይኸው ሕገ መንግሥት ግን ዙፋኑን ለወንድ ወራሽ ብቻ ወሰነው፤ ያውም ንግሥት ዘውዲቱ ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. በነገሡበት አገር! የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ635ኛው አንቀጽ ባልን የቤተ ሰቡ አለቃ አደረገ፤ ሚስትም ሕጋዊ በሆነው ትእዛዙ ሁሉ እንድትታዘዘው ደነገገ። ይህ የተሻረው በ1992ቱ የቤተ ሰብ ሕግ ነው። በጾታ ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግ ደግሞ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ25ኛው አንቀጹ በግልጥ ጽፎታል።

ይህን ሁሉ «አድልዎ» በሚገባ ይጠራዋል፤ ሚዛን አለ፤ ሚዛኑን የያዘም አለ። ችግሩ ዳኛ በሌለበት ቦታ ነው። ባለጌን «ሴት ያሳደገው» ብለን ስንሰድብ፤ ደፋሯን ሴት «ወንድ ነሽ» ብለን ስናመሰግን ማን ምን መዘነ? «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውም ተረት እንዲሁ ነው፤ ምናልባት ለቤት መምቻው ሲባል ይሆናል እንጂ፤ ለሴቲቱ የራሷን አንቀጽ እንኳ ከልክሎ «ቢያውቅ» አላት። እነዚህ ሁሉ ከድርጊት በፊት ያሉ አስተሳሰቦች ናቸው። የእንግሊዝኛው ቃል አስተሳሰቡንም ድርጊቱንም ባንድነት ይይዛል፤ የእኛው ድርጊቱን ይዞ አስተሳሰቡን ይለቀዋል። ከ«ዘር» «ዘረኛ»ን እንዳወጣን፤ ከ«ጾታ» «ጾተኛ» ብንል ከሰዋስው የሚከለክለን የለም፤ ነገር ግን ባፍ ሲነገር እምብዛም አይሰማም።

በዚህ ጥናት የሚቀጥል ተማሪ ቢኖር፤ ከችሎት መዝገብ ይልቅ ከገበያው፤ ከለቅሶ ቤቱና ከጠላ ቤቱ ንግግር ቢጀምር ብዙ የሚያገኝ ይመስለናል። በተለይ ሴቶች እርስ በርሳቸው ለዚህ ነገር የሚሰጡት ስም ምን እንደሆነ መሰብሰብ ያስፈልጋል።