ከፊደል ቆጠራ እስከ አቡጊዳ

ባለፈው መስከረም ታናሿ ልጄ ትምህርት ቤት ገባች። ኅዳር ሳይጋመስ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያለውን ፊደል በዜማ ትወርደው ጀመር። ቤተ ሰቡ አጨበጨበላት፤ አያቷም መረቀቻት። እኔ ግን ክፉ መርማሪ ሆኜ «ነ»ን በጣቴ ነጥዬ «ይህ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ጥቂት አሰበችና ከ«ሀ» ተነሥታ ማዜም ያዘች፤ «ነ» ላይ ስትደርስም ሳታስተውለው አልፋው ሄደች።

ልጅቱን ልወቅሳት አልቻልሁም። በ1979 ዓ.ም.፣ ለመደበኛው ትምህርት ቤት ዕድሜዬ ገና ስላልደረሰ፣ በሰሜን ሸዋ ከምትገኝ አንዲት የገጠር ከተማ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቼ ነበር። ከዋርካ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን፣ በካርቶን ላይ የተለጠፈ የፊደል ገበታ ጉልበታችን ላይ አስደግፈን፣ በስንደዶ እየጠቆምን እንቆጥራለን። የሚያስቆጥረን ብዙውን ጊዜ ዳዊት የጀመረ ታላቅ ልጅ ነው። ድምፄ ከሁሉ ይጎላ ስለ ነበር ራሴን እንደ አዋቂ ቈጠርሁ። አንድ ቀን የኔታ መካከሉ የተበሳ ወረቀት ገበታዬ ላይ አኖሩና በቀዳዳዋ ብቅ ያለችውን አንዲት ፊደል አሳዩኝ። ዝም አልሁ። ስንደዶዬ የሚሄድበትን መንገድ ዜማው ይመራው ኖሯል እንጂ ዐይኔ አንድም ቀን አልመራውም።

«ነገ አቡጊዳ ትጀምራለህ» አሉኝ። እንደ ቅጣት ቈጥሬው አለቀስሁ።

አቡጊዳን ያበጁት ሊቃውንት ይህን የልጅ ብልጠት አሳምረው ሳያውቁት አልቀሩም። በሀሁ ተራ አንዱ ፊደል ሰባቱን ቅርጾቹን ይዞ በአንድ መስመር ይሰለፋል፤ ጆሮ የፊተኛውን ከሰማ የቀሩትን ስድስቱን ያለ ዐይን እርዳታ ይጨርሳል። በአቡጊዳ ግን የመጀመሪያው ፊደል በግዕዝ፣ ሁለተኛው በካዕብ፣ ሦስተኛው በሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ይወርዳል፤ ይኸውም አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ ነው። የፊደላቱም ቅደም ተከተል ሌላ ነው፤ የዕብራይስጡን አሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል፣ ዳሌት የሚመስል ጥንታዊ የሴም ተራ ነው። በየርምጃው ፊደሉም ድምፁም ይለወጣል። «ቨ»ን ሳንጨምር 33 የአማርኛ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ቅርጾች ይሆናሉ፤ ይህን ሁሉ ሕፃን በዜማ ብቻ ሊሸፍነው ይችል ነበር፤ አቡጊዳ መሸፈኛውን ይገልጥበታል። ከዚህ በኋላ ነው ተማሪው ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ቀጥሎም ወደ ዳዊት የሚሻገረው።

እ.ኤ.አ. በ1990 ፒተር ዳንኤልስ የተባለ አሜሪካዊ የጽሕፈት ሥርዓት አጥኚ፣ ተነባቢውን መሠረት አድርገው አናባቢውን በቅርጽ ለውጥ ወይም በምልክት የሚያሳዩ ጽሕፈቶችን ሁሉ በዚሁ ስም ጠራቸው። ዛሬ ሕንዳዊው ደቫናጋሪም በቋንቋ ሊቃውንት መጽሐፍ «አቡጊዳ» ይባላል። ቃሉ ይህን ያህል ከተጓዘ በኋላ ልጄ በገባችበት ክፍል ግድግዳ ላይ ባጣው ጊዜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቅር አለኝ።

የቄስ ትምህርት ቤትን ግን ላሞግሰው አልተነሣሁም። አለንጋው ነበረ። ትርጉሙን የማናውቀውን ግዕዝ ስናነበንብ ዓመታት አልፈዋል። ከዚያ ዋርካ ሥር ከተቀመጥነው መካከል ሴቶቹ ሁለት ብቻ ነበሩ።

እናቴም በልጅነቷ ከዚያ አልደረሰችም። እርሷ ፊደል የለየችው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረውና በ15 ቋንቋዎች በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ እኔን በጀርባዋ አዝላ ነው። የወታደር ወንድሟን ደብዳቤ ለጎረቤት ማስነበብ ሰልችቷት እንደ ገባች ትናገራለች። ጎረቤት ሲያነብ እያለፈ የሚዘለው ነገር ያለ ይመስላት ነበርና። እናቴ እስከ ዛሬ ሀሁን በተራ መጨረስ ይሳናታል፤ ከ«ቀ» በኋላ ትደናገራለች። ደብዳቤውን ግን ራሷ አንብባለች፤ ወንድሟ መቁሰሉንም ያወቀችው በዚያ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አቡጊዳ ያለበት የፊደል ገበታ ገዝቼ ገባሁ። ልጄ በለመደችው ዜማ ልትወርደው ሞከረች፤ «አ» ብላ ቀጥላ «ኡ» አለች፤ ገበታው ግን «ቡ» ይላል። ተናደደች። እንደ ገና ጀመረች፤ ያለ ዜማ፣ በዝግታ፤ «ው» ላይ ስትደርስም ቆመች።

«አባዬ፣ ይሄ እጁን ወዴት ነው የዘረጋው?»

ከእኔ መልስ በፊት እናቴ መነጽሯን አድርጋ ቀረበች፤ ከስፌት ዕቃዋም አንዲት ስንደዶ መዝዛ ሰጠቻት።